ሦስት እርምጃ

ክፍሌ ሦስት እርምጃ ናት፣
አራተኛው ግድግዳ ነው፤
ከአልጋና ከቁም ሳጥን ተርፎ
ስፌት መኪናው የወረሰው።
በስተቀኝ የመስኮት ደፍ፣
ከውጭ የኦርክኒ ነፋስ፣ ክረምት ከበጋ የማያርፍ።

እስካለፈው ኅዳር ድረስ ጨርቄን የምደረድር
አልጋው ላይ ነበር፤
ኤርለንድ ሊተኛ ሲመጣ መንደሩ ሁሉ ሲሸበር፣
ሰማያዊው ከብጫው ጋር ትራስ ሥር ሲያድር፣
ጠዋት ደግሞ እንደ አዲስ… ስደረድር፣ ስደረድር።

አንድ ቀን ካልሲው ሥር ተጣብቆ የወጣ
አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን
ዓሣ ገበያውን ዞሮ፣ ፖስታ ቤት ገብቶ መጣ።
“በቃ!” አልኩ፤ “ግድግዳ ያስፈልገኛል።”
“ግድግዳማ ሞልቷል” አለ፣ “ድንጋይ ቤት ውስጥ ምን ይጠፋል?”

እሱ የሚያውቀው ጣራ የሚሸከመውን ነው።
እኔ የምሻው ሌላ፦
በመዳፍ ደባብሰው ሲሰጡት ጨርቁን የሚይዝ፣
መልስ ሲሉት የሚለቅ፣
ያለ ስፒል፣ ያለ ሙጫ፣
እኔ ሐሳቤን እስክቀይር ታግሦ የሚጠብቅ።

ከስካርዝ ጀልባ መጠገኛ ሁለት ሰሌዳ ፎም ለመንኩ፤
የክረምት አንሶላችንን፣ ያን ጸጉራሙን ፍላኔል፣
መሐሉ በእኛ ያለቀውን፣ ዳርዳሩ ገና የሚችል፣
ከላይ አልብሼ ከኋላ በስቴፕለር ወጠርኩ።
(ካውያ የተኮሳት ቡኒ ምላስ ከግርጌው አለች።
ትኑር። ማንን ጎዳች።)

“ይህ ሁሉ ለድሪቶ?” አለችኝ ሜራን ከደረጃው ሥር።
አዎ፣ ለድሪቶ።
የተቀደደ ሁሉ ቀን አለው፣ ካገኘ መርፌና ክር።

ሰሌዳው ግን ከግድግዳው በአንድ ስንዝር ረዘመ፤
ኤርለንድም መጋዝ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ።
“አይቆረጥም!”
“ታዲያ በሩ እንዴት ይከፈት?”
“አይከፈትም። ይነቀል።”
አርባ ዓመት ሲጮህብን የኖረ ማጠፊያ ወለቀ፤
በሩ ጋራዥ ወረደ፣ የክፍሌም ምሥጢር አለቀ።

ከዚያ ዝዮቼን ሰቀልኩ፣ እያንዳንዷ ሦስት ማዕዘን፦
ከመርከበኛ ሸሚዝ አንድ፣ ከሆቴል መጋረጃ ሁለት፣
ከእህቴ ከሲግሪድ የዝናብ ካፖርት ገበር፣
አርባ ክረምት ውስጡ ጠብታ ያልገባበት።
ጥቁሩን ከነጣው፣ ደማቁን ከደበዘዘው ጋር።
ከቅርብ ሲያዩት ሁሉም ያምራል፤
የድሪቶ ዳኛው ርቀት ነው፣
ፈቀቅ ብሎ ይፈርዳል።
ወደ ኋላ አንድ ሄድኩ፣ ሁለት ሄድኩ፣ ሦስት…
መስኮቱ ጀርባዬን መታኝ።
ግድግዳስ አገኘሁ፤ መራቂያ ማን ይስጠኝ?

ኤርለንድ ምንም ሳይል ወረደ።
ሲመለስ ከአንገቱ ላይ የመርከቡ ሩቅ ማያ፣
ቆዳው በጨው የተላጠ፣ ማንገቻው በገመድ የተቀጠለ።
“ገልብጠሽ ያዥው” አለ፤
“በጠባቡ ሳይሆን በሰፊው አፉ በኩል እዪ።”

አርባ ዓመት ሩቁን ደሴት ሲጎትት የኖረ መስታወት
ቅርቡን ገፍቶ አራቀልኝ፤
ዝዮቹ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ አንሰው
መንገዳቸው ታየኝ፤
የት ላይ ጨለማው እንደበዛ፣
የትኛው ብጫ ያለ ተራው እንደሚጮህብኝ።

ቀጥሎ እሱ ተቀበለኝ። ወደ ዝዮቹ ግን አላየም።
ወደ እኔ ነው ያዞረው። ቆየ። አልሳቀም።
“ወደቡ ላይ ነሽ” አለ፣ “በዚያ በቀይ ሻርፕሽ፣ እጅሽን ስታነሺ…”
አላስጨረስኩትም።

እኔኮ መርከቡ ሲርቅ እሱ ብቻ የሚያንስ መስሎኝ፤
እኔም በዚያ በኩል ሳንስ እንደኖርኩ ማን ነግሮኝ!

“አንዷ ተሳስታለች” አለ፤ “ከላይ፣ ሦስተኛው ረድፍ።
ሁሉም ደቡብ ሲበሩ እሷ ሰሜን ዞራለች።”
“አውቃለሁ” አልኩት። “እስከ ነገ እዚያው ትረፍ።”

በር በሌለው ክፍላችን ነፋሱ እንደ ቤተኛ ገባ፤
ጨርቆቹ ትንሽ ተርገበገቡ፤
አንዱም አልወደቀ።