አንለይ

ሰኔ ነው፤ ማርቆስ ላይ ዝናብ ቀድሞ ገብቷል፣
የኮሌጁን ሜዳ ጭቃ ተረክቧል።
ከማዕዘኑ ባንዲራ ሥር ድንኳን ተተክሏል፤
ወንበር ተደርድሯል፣
ስማቸው የከበደ ሰዎች ተቀምጠዋል።

አንዱ ወረቀቱን ዘርግቶ ያነባል፦
«ሠላሳ አራት ዓመት… ያላሰለሰ ጥረት…»
ስሙን ተሳስቶ «አንዳርጌ» ይለዋል።
አንለይ አላረመው። አንለይ አልሰማም።
ዓይኑ ከመረቡ ላይ አልተነሣም፤
እርጥብ መረብ ውጭ ጥሎ ማደር አይሆንለትም።

እኔ የማውቀውን ያ ወረቀት አያውቅም፦

ኖራ ባለቀ ቀን ከምግብ ቤት አመድ
በባልዲ ተሸክሞ፣
ገና ሳይነጋጋ ሜዳውን ሲያሰምር
ጎንበስ ቀና ብሎ፣ ለብቻው አጉረምርሞ።
ክሩን በሰም አሽቶ የፈነዳች ኳስ
እንደ ቁስል ሲሰፋ፣
መርፌው ጣቱን ቢወጋው «ፋውል!» ብሎ ስቆ
ደሙን በሱሪው ጠርጎ፣ መልሶ ሲነፋ።

ደብተር ነበረችው ጥጓ የተበላ፤
ጎል አልተጻፈባት፣ ነጥብም የላትም፤
የጫማ ቁጥራችን፣ የእናታችን ስም፣
ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን ቁርስ እንዳልበላ።
«ስሜነህ፣ አርባ ሁለት፣ ከሉማሜ ማዶ፣
እናቱ ጥጊቱ።
ረቡዕ ረቡዕ ይደክማል። ከእኔ ጋር ምሳ ይብላ፤
እንዳይታወቅበት።»

እኔ በረኛ ነበርሁ፤ ማለት፣ ተጠባባቂ፤
አሥራ ስድስት ቁጥር፣
ሦስት ዓመት ሙሉ የወንበር ጠባቂ።
አንድ ቀን አልቅሼ ጓንቴን ብወረውር
መጥቶ ቁጭ አለ እርጥቡ ሣር ላይ፦
«ሜዳ ውስጥ ያለ ሰው ኳሷን ነው የሚያይ፤
ውጭ የተቀመጠ ሰዉን ሁሉ ያያል።
እስቲ ንገረኝ፣ ከእነዚያ ማን ደክሟል?»
ነገርሁት። ቀየረው።
መምህር የሆንሁት ያን ዕለት ነው፤
ዲፕሎማው ኋላ ነው የመጣው።

ዋንጫ አትጠይቁን። አንዲት ናት ያለችን፣
ደጀን ላይ በዕጣ፣
ዝናብ ጨዋታውን አቋርጦት የመጣች፤
አንድ ጆሮዋ ረግፎ
ዛሬ ቢሮው ውስጥ የእስክሪብቶ ማኖሪያ ናት።

ከቢቸና ስድስት ለባዶ ተሸንፈን
በአይሱዙ ጀርባ፣ ከእህል ጆንያ ጋር፣
አንገት ደፍተን ስንመጣ
«በሉ በየተራ፣ አንደኛው እንዴት ገባ?» አለ፤
አራተኛው ላይ ሳቅ አፈነን፣
አምስተኛው ላይ ሾፌሩ መኪናውን አቆመ፣
ስድስተኛውን እስከ ዛሬ የሚያስታውስ የለ።

ንግግሩ አበቃ። ጋቢ አለበሱት፣
የግድግዳ ሰዓት አስታቀፉት።
«አንድ ቃል!» ቢሉት ተነሣ፣
ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ቃሉ ግን እንቢ አለ፤
በጫማ ክር ያንጠለጠላትን ፊሽካ
ከጋቢው ሥር አውጥቶ
አንዴ ነፋት። አጭር።

ከድንኳኑ ወጣን፣ ሽበትና ቦርጭ ያወጣን፤
ርእሰ መምህሩ፣ የባንኩ ገንዘብ ያዥ፣ ፋርማሲ የከፈተው፣
ክራቫት እያላላን፣
ማንም ሳያዘን በየቦታችን ቆምን።

የግራው ተከላካይ ስፍራ ብቻ ባዶ ሆነ።
የአስማረ ነበር። አስማረን ካቻምና
በዚሁ ሰኔ ነው የቀበርነው።
ያችን ቁራጭ ሣር ማንም አልደፈራት።

አንለይ አየ።
ጋቢውን ለወንበሩ ሰጠ፣ ሰዓቱን ለባለሥልጣኑ፤
በአዲሱ ጫማ ጭቃውን እያቦካ
ሄዶ ቆመባት።

ስሙን ያወጡት እናቱ አስበውት ይሆን?
ዕድሜ ልካችንን ስም መስሎን ጠራነው፤
የጨዋታው ሕግ ነበር፣ ዛሬ ገና ሰማነው።

ከዚያ ወደ ዳር ዞረ፣
ድምፁ የጥንቱ ነው፣ ማጉያ የማይሻ፦
«አንተ አሥራ ስድስት! ከመስመር ውጭ ምን ይገትርሃል?
ጎሉ ባዶ ነው እኮ፣ አይታይህም? ግባ እንጂ!»

ጓንት አልያዝሁም ነበር።
ዝናቡም ጀመረ።
ገባሁ።