ጨው ያልሆነ ጨው

ሞንዴጎ ከባሕሩ ከሚገናኝበት፣
ሃምሳ በጋ ሙሉ ጨው ስዝቅ ኖርኩበት፤
ግድቡን በጭቃ በእጄ እየለሰንኩ፣
ውሃውን ለፀሐይ በቦይ እያደረስኩ።
ከአባቴ የቀረኝ አንድ መቧጠጫ ነው፣
የወይራ እጀታው መዳፌን የሚያውቀው።

አምና ግን በግንቦት፣ ጨው ሳይታይ ገና፣
ሐኪሟ ክንዴን አስራ ደጋግማ ለካችና፣
«መቶ ሰማንያ አምስት» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
«ምን አመመኝ?» አልኳት፣ «ተኝቼ ነው ሌሊቱ የነጋ!»
«ክፋቱ ይኸው ነው፣ ሲመጣ አይጮህም፤
ግድብህ ከሥሩ ሲበላ አታይም።
ከላይ ሣር አብቅሎ፣ ደኅና መስሎ ታይቶ፣
አንድ ሌሊት ማዕበል ይዞት ይሄዳል ገፍቶ።»

ክኒን ጻፈችልኝ፣ ነጭና ድቡልቡል፣
ከጨው ክምር ቢወድቅ፣ ጨው ነኝ ብሎ የሚውል።
«ጧት ጧት አንድ ዋጥ፣ አመመህም አላመመህም፤
ትናንት ረሳሁ ብለህ ዛሬ ሁለት አትውጥም፤
ከአልጋህ ቀስ ብለህ ተነስ፤ ጨውም ቀንስ፣ አደራ!»
ጨው ቀንስ? ለእኔ? ስሜ በጨው ለሚጠራ!

ሾርባው ውሃ ውሃ፣ ሳርዲኑ ገለባ፣
ትንሽ ነበር የቀረኝ ሳህኔ ላይ ላነባ።
ልጄ ኢዳሊና ከኮይምብራ መጥታ፣
አዘነችልኝና፣ ጣሳ ከቦርሳዋ አውጥታ፣
«አባዬ፣ ይኸውልህ፣ ጨው ያልሆነ ጨው፤
ለግፊት ሰዎች ነው፣ እንደ ልብህ ነስንሰው።»
ጣሳው ላይ ልብ ተስሏል፣ ቀይ፣ የሚሥቅ ልብ፤
እኔም እሱን አምኜ ነሰነስኩ ሳላስብ።
ጀርባዬን ሲቆርጠኝም፣ ዘፈሪኖ ጎረቤቴ
የሰጠኝን ማስታገሻ እውጣለሁ ከእራቴ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። እግሬ እርሳስ ሆነ።
ልቤ እንደ እልኸኛ በቅሎ
አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ይዘልላል።
እርጅና ነው አልኩ።

ክኒኔ አልቆ ወደ ፋርማሲ ብሄድ፣
ዶና ኦቲሊያ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣
«አደሊኖ፣ ከዚህ ሌላ የምትወስደው አለ?»
«ምንም።»
«ምንም?»
«ኧረ እንዲያው… ጨው ነገር። ጨው እንኳ አይባል።»
«አምጣው።»

ጣሳውን ገልብጣ ጀርባውን አነበበች፤
ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፣ ስልኩን አነሳች።
«ፖታሲየም ነው ይኼ! ክኒንህ ራሱ ያስቀረዋል፣
ሁለቱ ሲደረቡ ልብ መንገድ ይስታል፤
የዘፈሪኖ ማስታገሻም ኩላሊትህን ያደክማል።
ክኒኑን ግን በገዛ እጅህ እንዳታቆም፣
ሐኪሟ ትናገር፣ አንተ አትቅደም!»
በዚያው ቀን ደሜን ቀዱ፣ ክሊኒክ አሳደሩኝ፣
ጣሳዬን ነጠቁኝ።

ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ፣ ይላሉ፤ እሱስ ጣፈጠ፤
ለእኔ ግን ድንጋይ ሆኖ ልቤ ላይ ተቀመጠ።

ኢዳሊና አለቀሰች፣ «የልብ ሥዕሉን አይቼ…»
«ተይው» አልኳት፣ «እኔስ? ሃምሳ ዓመት ጨው ሠርቼ
ጀርባውን አላነበብኩ።»

አሁን ከኪሴ ወረቀት አይጠፋም፣
የምውጠው ሁሉ፣ የጉንፋኑ ሽሮፕ ሳይቀር፣ የሰፈረበት።
ሾርባዬን በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጤ አታልለዋለሁ።
አንዳንዴ ይታለላል።
ጧት ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ
ውሃው ከማሳው ሲሸሽ አዳምጣለሁ፤
ወለሉ ሲረጋልኝ እነሳለሁ።

ትናንት ዘፈሪኖ ከግድቡ ላይ ቆሞ፣
«ራሴን ከብዶኛል» አለ፣ «ካንተ ክኒን አንዷን ስጠኝማ።»
ከዚህ ሰው ጋር ትምባሆ ተካፍለናል፣ ጀልባ፣
ለቀብር የምንለብሰውን አንድ ጥቁር ኮት፣
ሁለታችንንም እምቢ ያለች አንዲት ልጃገረድ።
«መቧጠጫዬን ውሰድ፣ ኮቱንም እንካ፣
ይቺን ግን አልሰጥህም። ክንድህን ይዘህ ና።»

ብስክሌታችንን እየገፋን፣
እሱ እያጉረመረመ፣ እኔ ዝም ብዬ፣
ሐኪሟ በር ደረስን።
ከጫማችን የረገፈው ጨው
ደረጃዋ ላይ ቀረ።