ከሃያ ስምንት በላይ

ሥራዬ መንቃት ነው።
ሌላው ሲተኛ የራውተር ትኩሳት የምለካ ሰው።
ሻርጃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አቧራ የጠጣ መጋረጃ፤
የማየው ግን ሌላ ነው፤ የሠራተኞች ካምፖች፣ ወዲያ በሳጃ።
በያንዳንዱ ካምፕ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ በብረት የተዘጋች፣
ቀን ከሌት የምትበርድ፣ ከሰው ክፍል የተሻለች።

አለቃዬ ቢጁ የኬረላ ሰው ነው፤ ቃሉ አጭር፣ ሻዩ ወፍራም፤
«ማንቂያ አታብዛ» አለኝ፤ «ጩኸት ሲበዛ ማንም አይሰማም።»
ለማራገቢያው ዙር፣ ለኃይል ሰጪው ጉልበት ልክ ልክ አበጀሁላቸው፤
«አንዴ ቢያልፍ ታገሡ፣ ሦስቴ ካለፈ ጩኹ» ብዬ አዘዝኳቸው።
ለክፍሏ ሙቀት ሃያ ስምንትን ደንግጌ፣
ጠበቅሁ፤ ዐይኔን እንደ በር ገርበብ አድርጌ።

በሦስተኛው ሌሊት ጮኸ። ካምፕ ዘጠኝ። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ።
ሠላሳ አንድ። ልቤ ወደ ኮምፕረሰሩ ሄደ፤ የምረግመው እሱን ነው፣ ያን አንካሳ።
ነዳሁ። ከመንገዱ ግራ ቀኝ የጭነት መኪኖች ተኝተዋል፤
አሸዋው ቀን የጠጣውን እሳት ለሌሊቱ ይመልሳል።

በሩ አልተሰበረም። ዝግ ነው፤ አልተቆለፈም ግን።
ስገፋው፣
ቀዝቀዝ ያለ አየር፣ የሳሙናና የላብ ሽታ፣ የራውተሩ አረንጓዴ መብራት፣
ወለሉም ሙሉ ሰው።

ሰባት ናቸው። በካርቶን ላይ፣ በኬብሉ መሃል፣
አንዱ ጫማውን፣ አንዱ የሥራ ቆቡን ተንተርሷል።
የነቃው አንድ ብቻ፤
«ኤሲ ማፊ፣ ሰዲቅ»
አለኝ፤ ስሙን ስጠይቀው፣ ሸፊቅ።
ጣቱን ወደ ክፍላቸው ቀሰረ፤ አሥራ ሁለት ቀን ሆነው ከሞተ፤
ከዚያ ተመልሶ ተኛ፣ ድካሙ ፍርሃቱን እየጎተተ።

እኔም መኪና አጣቢ ሳለሁ፣ አጅማን፣ በመጀመሪያው ዓመቴ፣
ወተት የምመርጥ መስዬ የሱቅ ፍሪጅ እከፍት ነበር፤ እስኪበርድልኝ ፊቴ።

በሩን ቀስ አድርጌ መለስኩት።
መኪና ውስጥ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩት፤
ሃያ ስምንቱን ሰረዝኩት፣
ሠላሳ አራት አልኩት።
በመዝገቡም ላይ «የዳሳሽ ስሕተት» ብዬ ጻፍኩት።
ጠዋት ቢጁ አነበበው። ዐየኝ። ሻዩን ጠጣ።
ከአፉ ግን ምንም አልወጣ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ መስመሯን አነባለሁ፤
ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ትነሣለች፤ ገቡ እላለሁ።
ሌሊት አሥር ሰዓት ትወርዳለች፤ አውቶቡሳቸው መጣ።
እሑድ እሑድ ትዘገያለች፤ ዕረፍት ነው፤ ከፍ እንዳለች ፀሐይ ትወጣ።
አንድ ሳምንት ባንድ ዲግሪ ዝቅ አለች፤ አንዱ አገሩ ገባ፣ ወይ ታመመ፤
ከሰባቱ ማን እንደጎደለ ቁጥሩ አልነገረኝም፤ ዝም ብሎ አዘገመ።

በነሐሴ መጨረሻ፣ አንድ ሌሊት፣
ሃያ ሁለት። ሃያ ሁለት። ሃያ ሁለት።
መስመሯ በማስመሪያ እንደተሰመረች ቀጥ አለች፤
ኩባንያው የሚወዳትን መሰለች።
ኤሲያቸው ተጠግኖ ይሆናል።
ካምፕ ተቀይረው ይሆናል።
ዘበኛ ደርሶባቸው ይሆናል።
ስክሪኑ «ሁሉም ደህና» ይላል።

ለዚህ ማንቂያ አልነበረኝም።
አንድ አዲስ ጻፍኩ፤ ቢጁን አላስፈቀድኩም፦
«ከምሽቱ አራት በኋላ፣ ከሃያ አራት በታች ከሆነ፣ ቀስቅሰኝ።»
ቁልፉን ተጫንኩ።

ወዲያው ጮኸ።