ያልተመዘገበ ባልዲ

ነሐሴ ነው ሶሃር፣ ተማሪው ተበትኗል፤
ባዶ አዳራሹ ግን እንደ ሠርግ ቤት በርቷል።
ሃያ ሁለት ሕንፃ፣ ነፍስ የማይዞርበት፣
ወንበር ሲያቀዘቅዝ ያነጋል በየሌት።

እኔ ቆጣሪ ነኝ፤ ቆጣሪ አነባለሁ፤
የውሃና መብራት ኃጢአት እጽፋለሁ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ሰው አልባ ሰዓት ላይ፣
መርፌው ይከንፋል፤ ጠጪው ግን አይታይ።

ቧንቧ ተከትዬ ከጀርባው ብደርስ፣
የዛገ ቫልቭ አለ አሸዋውን ሲያርስ።
የስድስት ወር ሒሳብ አሸዋ ውስጥ ገብቷል፤
ለካ ውሃን ራሱን ውሃ በልቶት ኖሯል!

ከዚያው ከግድግዳው፣ ከማሽኑ ላብ ሥር፣
ሞትሊብ ቁጢጥ ብሏል ጠብታ ሲቆጥር።
አትክልት ጠባቂ፣ የዳካ ሰው፣ ዝምተኛ፤
«ለኒሟ ነው» አለኝ በሰባራ ዐረብኛ፣
«የጠማው ዛፍ ካለ ሰውን አያስተኛ።»

መዝገቤን ገለጥኩት፤ አንድ ዓምድ ክፍት አለ፣
«ምንጩ ያልታወቀ ፍጆታ» የተባለ።

ቫልቩን ጻፍኩ።
መብራቱን ጻፍኩ።
የበረዳቸውን ወንበሮች፣ አንድ በአንድ፣ ጻፍኩ።
ባልዲው ጋ ስደርስ
ቀለም አለቀብኝ አልልም፤
አላለቀም።
መዝገቡን ብብቴ ሥር ወተፍኩና
ባትሪዬን አበራሁለት፣
እስኪሞላ።