ልክ

በተክለ ሃይማኖት ጓሮ፣ ላሜራ በሚቆረጥበት፣
ውሃ ልክ ያልነካው ግንብ፣ ፕሬሱ ሲያስነጥስ በሚርድበት፣
ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ፣
ካሊብሮ በኪሴ ይዤ፣ ቀይ ካርድ በቦርሳ አዝዬ፣
«መኪና ገጣጣሚው ልኮኝ ነው፣ የጥራት ሰው ነኝ» ብዬ።

ጋሽ ዘርጋው ቀና አይልም።
ፍሬዛው ላይ እንዳጎነበሰ፣ በአገጩ መቀመጫ ያሳየኛል፤
የጭነት መኪና ቸርኬ ነው፣ እስከ አጥንቴ ይቀዘቅዘኛል።
አንድ ሺህ አራት መቶ ማጠፊያ፣ የሚኒባስ በር የሚሸከም፣
በአምስት ጆንያ ታጭቆ ቆሟል፣ ዘይቱ ያልደረቀ፣ አፍ የሌለው ሸክም።

ፕሬሱ የነከሰው ስታምፖ ግን የሱ አይደለም፤
ሆዱ ላይ «የፋብሪካው ንብረት» ይላል፣ የለቀቀ ቢጫ ቀለም።
እንደ አደራ ልጅ ያሳድገዋል፤ ያጥበዋል፣ ቅባት ያጠጣዋል፣
ማታ ማታ በጨርቅ ይሸፍነዋል፣
የራሱ ያልሆነን ብረት፣ ከራሱ አብልጦ ይጠብቀዋል።

እጄን ከጆንያው ሰደድኩ። አንዱን፣ ሰባተኛውን፣ ሃያኛውን፣
በካሊብሮው አፍ አስነክሼ፣ አነበብኩለት ዳኝነቱን፤
ሁለት ዐሥረኛ ሚሊሜትር።
ሦስት ፀጉር ቢደራረብ ነው፣ በሁለት ጣት መሀል የሚጠፋ፤
ግን በር በቀን ሦስት መቶ ጊዜ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ሲገፋ፣
ሦስቱ ፀጉር ገመድ ይሆናል፣ በሩን ከነረዳቱ ይዞ ሊጠፋ።
አውራ ጣቴም ነገረችኝ፤ ጠርዙ ላይ ቀስ ብዬ ሳሳልፋት፣
ብረቱ ጥርስ አብቅሎ ኖሮ፣ ጫር አድርጎ አደማት።

«ልክ አይደለም» አልኩ።
«ልክ ነሽ» አለኝ።
እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም፤ ለክርክር ነበር የመጣሁት፣
በአንቀጽ፣ በደረጃ፣ በሠንጠረዥ፣ ልክ ላስገባው የተዘጋጀሁት።

ቀዩን ካርድ መዘዝኩ፣ በሽቦ ላስረው ከጆንያው አፍ፤
እሱ ከመሳቢያው ደብተር አወጣ፣ ዘይት የጠጣ፣ የእርሳስ ጽሑፍ።
«ስድስት ሺህ ሲመታ፣ ጠርዙ ዶለዶመ ብዬ ጻፍኩ፤
ዘጠኝ ሺህ ላይ ደገምኩ፤
ዐሥራ አንድ ሺህ ላይ፣ በልጄ ስልክ ፎቶ አንስቼ ላክኩ።
በሊማ ላስተካክለው እችላለሁ፤ ግን የሰው ንብረት ነው፣
ሳትፈርሙ አልነካም አልኩ።»

ለማን ጻፉ? አልኩት።
ጣቱ ወደ እኔ አልመጣም፤ ደብተሩ ግርጌ ላይ አረፈ፤
«ለጥራት ክፍል፣ ለወይዘሪት ስንዱ» ይላል፣ ፊደል ሳይስት የተጻፈ።

ሜክሲኮ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር የኔ ጠረጴዛ፣
ያልተከፈተ ፖስታ አለ፤ በላዩ የብርቱካን ልጣጭ፣
በላዩ የስብሰባ ወረቀት፣ እንደ ጉድ የበዛ።
ሌላውን ስለካ፣ ስለካ፣
የራሴን መሳቢያ ሳልለካ።

ካርዱ ሦስት መስመር አለው። ጉድለት። ምክንያት። ተጠያቂ።
ሁለቱን ሞላሁ።
ጋሽ ዘርጋው ማሽኑን አጠፋ፤ ዝም ሲል፣ በላሜራው ቀዳዳ
«ሎሚ፣ ሎሚ» የሚል የሴት ድምፅ ገባ፤ ማንም አልገዛ።
ከዚያ ስሜን ጻፍኩ፣ ከነአባቴ።
አውራ ጣቴ ካርዱን ነካው፤ ቀይ በቀይ ላይ አይታይም።

«ገንዘቡስ?» አለኝ በመጨረሻ፣ እጁን በጋዝ እየታጠበ።
«ይከፈልዎታል» አላልኩም፤ ያልለካሁትን አልናገርም።
ስታምፖውን በጨርቅ ሸፈነ።

ማታ ሜክሲኮ ተሰልፌ፣ የመጨረሻዋን ወንበር አገኘሁ፣ በሩ ሥር።
ረዳቱ ጎተተ፤ አልዘጋ አለ። ደገመ። «ቀስ!» አለ ሾፌሩ፣ «ልትገነጥለው ነው!»
በፕላስተር የታሸገች ጣቴን፣ ከማጠፊያው ላይ አሳረፍኩ።
በየትኛው አገር፣ በየትኛው ሐሙስ፣ የማን ፕሬስ እንደመታው አላውቅም፣
ማን ጽፎ፣ ማን ሳያነብ ቀርቶ፤
ብቻ ይንገጫገጫል። ሦስት ፀጉር። ምናልባት አራት።

«ሒሳብ!» አለኝ ረዳቱ።