ሁለት ሜትር ትርፍ

ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል፣ ከማተሚያ ቤቱ ጓሮ፣
ዘጠኝ ክፍል ናት ፔንሲዮኗ፤ እናቴ ያወረሰችኝ ኑሮ።
ዘንድሮ ወንበሮቿ አረጁ፤ ስፖንጁ በስፌት ወጣ፣
"ጨርቅ እንምረጥ" ብዬ ብልከው ጋሽ ዘርጋው ሜትሩን አንግቶ መጣ።

መርካቶ ኸይሩ ሱቅ ገባን። ጥቅሉ ጣራ ድረስ ተደርድሯል፤
አንዱ ያበራል፣ አንዱ ያብባል፣ አንዱ ነብር መስሎ ተዥጎርጉሯል።
ዓይኔ ቀይ ከፋይ ላይ አረፈ፤ እጄም ሄደ ተከትሎ፣
ልስላሴው የጥጃ ጆሮ ነው፤ "ይኼን!" አልኩ፣ ልቤ ቸኩሎ።

ጋሽ ዘርጋው መልስ አልሰጠኝም። ከጥቅሉ ጫፍ ክር መዘዘ፣
ክብሪት ጫረበት፤ ቀለጠ፤ ተንጠባጥቦ ጣቱን ያዘ።
"ላስቲክ ነው" አለ፣ ጣቱን እየላሰ፣
"ሲያዩት ያምራል፤ ሲቀመጡበት ግን ላብ በጀርባ ፈሰሰ።
ደግሞ ከፋይ ሐሜተኛ ነው፤ የተቀመጠበትን አይረሳ፣
የቂጡን ማኅተም ይዞ ይቆያል እንግዳው ከተነሳ።"

ኸይሩ ሳቀ። ነጭ አወረደ፤
"ትልልቁ ሆቴል ሁሉ ትናንት ይኼን ነው የወሰደ።"
ነጭ!
ጋሽ ዘርጋው ወደ እኔ ዞረ፤ "እንግዶችሽ እነማን ናቸው?"

እንግዶቼ። ሻንጣ የላቸውም፣ ፌስታል ነው የያዙት።
ከጥቁር አንበሳ ቀጠሮ አላቸው፤
ከጊምቢ፣ ከደብረ ታቦር፣ ከጎባ በሌሊት አውቶቡስ የመጡ፣
ሽሮፕ የሚያንጠባጥቡ፣ በጉልበታቸው ላይ ብርቱካን የሚልጡ፣
እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው አልጋውን ትተው
ወንበር ላይ የሚቀመጡ።

"እንግዲያው ጥቅጥቅ ያለ ሽመና፣ ጥጥ የበዛበት፣ ቀለሙ የሻይ፣
ነጠብጣብ ቢያርፍበት ከበር ላይ ሆኖ የማይታይ።"
ዘረጋው፣ ዘርጋው። በሃምሳ ሳንቲም ጠርዝ ፋቀው፣
አንድ፣ ሁለት፣ እስከ መቶ፤ ፀጉር ያበቅል እንደሁ ሊያውቀው።
ከሃይላንዱ ጠብ አደረገ፤ ውሃው እንደ ጤዛ ተንከባለለ።
"ይኼ ይሁን። ሠላሳ ስድስት ሜትር። ሁለት ደግሞ ትርፍ" አለ።
"ትርፉ ለምን?"
"ጨርቅ የአንድ ቀን ልጅ ነው። ከርሞ ብትመለሺ
ያው ስሙ፣ ያው ቁጥሩ፤ መልኩን ግን አታገኚም ብትሺ።"

በረንዳው ላይ የሰባት ቁጥርን ወንበር ገፈፈ። ቡኒው ተነሣ፤
ሥሩ አረንጓዴ፤ ከዚያም ሥር የእናቴ አበባ፣
ፀሐይ ያላየው፣ ቀይነቱ ያልሳሳ።
ከስፖንጁ ስንጥቅ ሁለት የፀጉር ሽቦ ወጣ፣
አንድ አሥር ሳንቲም፣ የደረቀ የብርቱካን ፍሬ፣
አራት ቦታ የታጠፈ የቀጠሮ ወረቀት፦
ማክሰኞ፣ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል።
ስሙን ላብ በልቶታል።

ኦቦ ዋቅጅራን አስታወስኩ። ሃያ አንድ ሌሊት እዚህ ነበሩ፣
ሚስታቸው እዚያ ተኝታ፣ እሳቸው መስኮቱ ሥር፣
በቀኝ እጃቸው የወንበሩን ክንድ እያሹ፣ እያሹ፣
ሽመናው እስኪሳሳ። አንድ ንጋት ከፍለው ወጡ፤
ደረሰኝ እንኳ አልፈለጉ።
ወረቀቱ የእሳቸው ይሁን የሌላ አላውቅም።
ጋሽ ዘርጋው ከሚስማሮቹ ጋር አንስቶ ያዘው።
የት እንዳደረገው አልጠየቅኩም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትራሶቹን እገለብጣለሁ፣
ፀሐይ እንዳትበላቸው መጋረጃውን ከስድስት እስከ ዘጠኝ እዘጋለሁ።
እድፍ ሲያርፍ ሲሳይነሽ ብሩሽ ይዛ ትሮጣለች፤
"አትፈትጊ፣ ልጄ፤ በነጭ ጨርቅ ጫን፣ ጫን፤ ከዳር ወደ መሃል።
በረኪናውን ከዚህ ቤት አውጪው።" ታኮርፋለች።

በስድስት ወሩ የሰባት ቁጥር ቀኝ ክንድ ደግሞ ሳሳ።
ጋሽ ዘርጋው መጣ፣ ለካ፣ ቆረጠ፤ መርፌውን በከንፈሩ ነክሶ።
ሌሊቱን ማን እንዳሸው፣ ስለ ማን እንዳሸው፣ ማን አወቀ፤
ከሁለቱ ሜትር ትርፍ
ግማሹ አለቀ።