ከአምስት መቶ በታች አናትምም

ዘንድሮ ማሬ አርባ ሦስት ጠርሙስ፤
ሊንደኑ ባበበ በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ሲፈስ
ንቦቼ ከቀፎው አፍ ተኮልኩለው፣
እንደ ሥራ ፈት ሽማግሌ ሰማዩን ቃኝተው
ተመለሱ።

አርባ ሦስት ጠርሙስ፣ አርባ ሦስት ሆድ ላይ የሚለጠፍ ስም።
ለዚህ ለዚህማ ከቤት አልወጣም
ብዬ፣ አታሚውን ከሎይዜ ወንበር አጠገብ ቀሰቀስኩት፤
ቢጫው አልቆበት ጥቁሩንም እምቢ አለ፤ ለመንኩት፣ መታሁት።
አንዲት የቀለም ቋት የአራት ጠርሙስ ማር ዋጋ ዋጠች፤
ወርቅማዋ ንቤም አረንጓዴ ሆና፣ ዝንብ መስላ ወጣች።

ይሁን አልኩ። ቆርጬ፣ ሙጫ ቀብቼ ለጠፍኩ።
ማር የነካው አውራ ጣቴን ረስቼ ጠርሙሱን ያዝኩ፤
«ዝደንካ» ከሚለው ስሜ የፊቱ ፊደል ሟምቶ
ወረደ፣ እንደ ኩል፣ ከጠርሙሱ ወገብ በታች ተጎትቶ።
የቀረችው ደንካ ናት።
እኔ እሷን አላውቃት።

በማግስቱ ክራንይ፣ በጠዋቱ አውቶቡስ።
ማቲያዥ ናሙና ዘረጋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ብፈትገው የማይደማ፣ የማይፈርስ፣
የክንፏ ጅማት ሳይቀር የሚቆጠር። ወርቁ ወርቅ ነው።
«አርባ ሦስት አትምልኝ» ስለው
መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፤
«ወይዘሮ፣ ከአምስት መቶ በታች አናትምም።
ማሽኑ እስኪሞቅ የሚበላው ወረቀት ብቻ ለእርስዎ ይበቃ ነበር፤ አያዋጣም።»

አምስት መቶን ለአርባ ሦስት በጣቴ አካፈልኩ፤
አሥራ አንድ ዓመት፣ ትርፍራፊም አለው። ዝም አልኩ።
እኔ ሰባ ሁለት ነኝ።
ይህ ልጅ ወረቀት ነው ወይስ ዕድሜ የሚሸጥልኝ?

ሎይዜ የቀፎውን ፊት ሲሥል ማንንም አልጠየቀም፤
ከመስኮት የተረፈ ቀለም፣ አንድ ብሩሽ፣ ሌላ የለም፤
ቀበሮዋ አዳኙን ስትላጭ፤ አፍንጫው ጠማማ፣ ምላጩ እንደ አካፋ።
ሠላሳ ጊዜ በረዶ ላሰው፤ ቀዩ እስካሁን አልጠፋ።
እንዲያ ያለ ቀለም ግን ዛሬ ከየት ይገዛል? እጁስ?

«አትም» አልኩት፣ «ዓመቱን ብቻ ተውልኝ፣
ባዶ ይሁን፤ እኔ በእጄ እሞላዋለሁ።» እስክሪብቶ ሰጠኝ
ከጆሮው ላይ አውርዶ፤ «አይለቅም» አለኝ።

በሳምንቱ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከአውቶቡሱ የኋላ ወንበር፣
እንደገና ሳሰላው ነበር፤
ማሩ ከበዛ መለያው ቶሎ ያልቃል። ይህን አላሰብኩም።
ንቦቼ፣ ስነፉ አልላችሁም፤
ብቻ በልክ ሥሩ።